ሾተላይን የሚይዝ እርሳስ

ሾተላይን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ለብዙ ጊዜ አምን ነበር። ጠጉር የለውም። ጭንቅላቱ ትልቅ ነው። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቅል በሚመስል ነገር ውስጥ ተጋድሟል። ያየሁት ጎንደር ቁስቋም፣ ከቤታችን ጓዳ፣ በእቴ ሐረግ ጭን ላይ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ነው። በእርሳስ የያዘችው እሷ ናት። ለመያዝም ምን ያህል እንደ ለፋች ምስክሯ እኔ ነኝ፤ ገበያ ላይ ያለው እርሳስ ሁሉ ርካሽና አመለኛ ነበርና።

እቴ ሐረግ የምላት የአባቴን ታናሽ እኅት ሐረገወይንን ነው። አባቴ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የደብሩ አገልጋይ ነበር፤ ድምፁ ያማረ፣ ጠብ የማይወድ፣ ነገር ሲከብደው ጥምጥሙን አውልቆ እንደ ገና የሚጠመጥም ሰው። እኅቱን ወላጆቿ ድብ ባሕር ለሚኖር አዘዘ ለሚባል ገበሬ ድረዋት ነበር። ለኅዳር ቁስቋም ስትመጣ ሆዷ ገፍቶ አያለሁ፤ በዓመቱ ስትመለስ ግን ባዶ እጇን ናት። ምነው፣ ልጁስ ብዬ ስጠይቅ እናቴ አፌን በመዳፏ ትከድነዋለች። አንድ ቀን ከምንጭ ስንመለስ አንዲት ጎረቤት ለሌላዋ፣ ሾተላይ ነው የሚበላባት ስትል ሰማሁ። እንግዲያው ጥርስ አለው አልሁ በልቤ።

ያን ዓመት የመጣችው ለበዓል አልነበረም። ክረምቱ እንደ ወጣ በእህል ማኪና ላይ አስተኝተው ከድብ ባሕር አመጧትና ሆስፒታል ገባች። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ከሆስፒታል ስትወጣ ባሏ ሊወስዳት መጥቶ በር ላይ ቢጠብቃትም በሌላው በር ወጥታ ወደ እኛ ቤት መጣች። ደጃፉ ላይ ስትቆም ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር። አባቴ ጥምጥሙን አወለቀ።

በዚያን ጊዜ እናቴ ለተ ማርያም ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ ወዲህ ለስንት ታቦት ተስላ ያገኘችው ጽንስ ነው። ስለዚህ አባቴ ሕግ አወጣ፤ እኅቱ በጓዳ ትብላ፣ ሚስቱ በእልፍኝ፤ ከአንድ ዋንጫ አይጠጡ፣ አንዷ በተነሣችበት መደብ ሌላዋ አትቀመጥ። ሰሃን ይዤ በመካከላቸው የምመላለሰው እኔ ነበርሁ። ሾተላዩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንዳይዘል ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ገባኝ እንጂ። በዚህ እንኳን አልተሳሳትሁም። የተማረው አባቴም የፈራው ይህንኑ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እቴ ሐረግ ነጠላዋን ተከናንባ እኔን አስከትላ ገበያ ወጣች። በርበሬ የምትገዛ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አረብ ቤት ገብታ እርሳስ አሳየኝ አለች። ባለሱቁ ለእኔ የሚገዛ መስሎት ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለ። ለራሴ ነው አለችው፤ ያለህን ዓይነት ሁሉ አውጣው፣ ከርካሹ።

ሰውየው ከእንጨት ሣጥን እርሳሶቹን አውጥቶ ዘረጋላት። አንድ ባንድ አነሣቻቸው። ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለች የጎበጠውን ለየች። ጫፋቸውን ወደ ብርሃን አዙራ ጥቁሩ ልባቸው ከመካከል መሆን አለመሆኑን አየች፤ ወደ ዳር ያጋደለውን መለሰችለት። አሸተተቻቸው። ባለሱቁ ሳቀና፣ ዶሮ ነው እንዴ የምትገዢው አላት። ዶሮም ቢሆን አይቼ ነው የምገዛ አለችው፣ ሳትስቅ። ቢጫ፣ ጥቁር መስመር ያለው ቀይ፣ ቀለም ያልነካው ነጭ እንጨት፣ አንድም ሲረጥብ ሐምራዊ የሚሆን እርሳስ መረጠች። ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ መቅረጫም ጨመረች።

ቤት እንደ ገባን ከጓዳዋ መስኮት ሥር ተቀመጠች። መጀመሪያ ቢጫውን አስገብታ አዞረችው። ልቡ ተሰበረ። ደግማ ቀረጸችው፤ አሁንም ተሰበረ። እየቀረጸች እየተሰበረ ግማሹ አለቀ። ይኼ ዱሮውኑ ወድቆ ውስጥ ውስጡን ያለቀ ነው አለችና አስቀመጠችው። መቅረጫዋም እንጨቱን ታላምጣለች እንጂ አትቆርጥም ነበር። በቢላ ጫፍ ብሎኗን ፈትታ ትንሿን ምላጭ አወጣችና በምራቋ እያራሰች በቢላ መሳያው ድንጋይ ላይ ሳለቻት። መልሳ ስታስራት የእርሳሱ ልጣጭ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ይወርድ ጀመር። የዝግባ ሽታ ነበረው። ያን ሽታ ዛሬም ሳሸተው ስምንት ዓመቴ ነው።

ቀጥላ በእያንዳንዱ እርሳስ አንድ ዓይነት ነገር እየደጋገመች ሣለች፤ ክብ የሆነ፣ ታቹ ጠበብ ያለ መስመር። ቀዩ ደረቅ ነበር፤ ወረቀቱን ይቧጭራል እንጂ አይጠቁርም። ከፊቷ አርቃ አየችውና፣ «ይኼ አይዝም» አለች። ነጩ እንጨት ደግሞ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው፤ እጇ ሲያርፍበት ተበከለ። «ይኼ ይሸሻል» አለች። ሐምራዊውን በምላሷ አርሳ ሞከረችው፤ ከንፈሯ ተለቅልቆ ቀረ።

የማይዘው ምኑን ነው? የሚሸሸው ማን ነው? እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ይህን ሳሰላስል ድንገት በራልኝ። እቴ ሐረግ ልጆቿን የበላባትን ልትይዘው ነው። ለዚህ የሚበቃ እርሳስ ነው የምትፈልገው። ከንፈሯን ሐምራዊ ያደረገውም እሱ መሆን አለበት፤ ነክሷታል።

እውነቱን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እኔ አግብቼ ልጅ ከወለድሁ በኋላ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሸዋገነት የምትባል ነርስ ነበረች፤ ላገር ቤት ሴቶች ስለ ወሊድ የምታስተምር። የፈረንጅ ሥዕል ይዛ ትዞራለች። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ራስ የላትም፣ እግር የላትም፤ ሆዷ ብቻ ተከፍቶ ይታያል። ሴቶቹ ሲያዩት ሰው ታርዷል እያሉ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። እቴ ሐረግ ከአልጋዋ ሆና ያን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆይታ፣ ልጅ ሲጋደም የቱ ጋ ይሆናል ብላ ጠየቀቻት። ነርሷም በጣቷ አሳየቻት። ይኼን ሰው አስመስዬ እሥልልሻለሁ አለቻት እቴ ሐረግ። ነርሷ ወረቀቱን ሰጠቻት፤ እርሳስ ግን አልነበራትም።

የእጇ ጥበብ ከየት እንደ መጣ አባቴ ያውቅ ነበር። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ቀለም እየፈጨች ያደገችው እሷ ናት። መቅደስ ገብታ መሣል ለሴት ስላልሆነ የእናቷን ጓዳ በከሰል ሞልታው ነበር ይባላል። ወላጆቿ በኖራ ያጠፉታል፤ እሷ ደግማ ትሥላለች።

ሥራውን የጀመረችው እርሳሶቹን ካወቀቻቸው በኋላ ነው። የማይዘውን ቀይ ለመጀመሪያው ቀጭን መስመር፣ የሚሸሸውን ነጭ ለጥቁሩ አደረገችው። እንዳይበከልባት ከመዳፏ ሥር ቁራጭ ወረቀት ታነጥፋለች። እንዳትነካው ነው ብዬ አሰብሁ፤ እኔም ብሆን አልነካውም። ቀስ በቀስ ሴት ወጣች። ሹሩባ ተሠርታለች፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ እንደ መቅደስ ሥዕል ፊት ለፊት የሚያዩ። ቀሚሷ ግን ከሆዷ ላይ እንደ መስኮት ተከፍቷል። በመስኮቱ ውስጥ ደግሞ እሱ፣ ራሱ በአንድ ጎን፣ እግሩ በሌላ ጎን፣ ተጋድሞ ተኝቷል።

ሮጬ ወጣሁ። ግን ባዶ እጄን አልወጣሁም። ይህን ከያዘ እርሳስ የወረደ ልጣጭ ሾተላይ ያባርራል ብዬ እፍኝ ሙሉ አፍሼ እናቴ አልጋ ሥር በተንሁት።

እናቴ ስትጠርግ አገኘችው። ምንድን ነው አለችኝ፤ ሁሉንም ነገርኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ። ተኝቷል አልኋት፤ የሚያስፈራ ፊት የለውም፣ ዝም ብሎ ተኝቷል። መጥረጊያውን እንደ ያዘች ቆመች። በማግስቱ አባቴ ለአገልግሎት እንደ ወጣ ሕጉን ጥሳ ጓዳ ገባች። ተከትዬ በስንጥቅ አየሁ። ሥዕሉ ላይ አጎንብሳለች። ቀጥሎ የእቴ ሐረግን እጅ አንሥታ ሆዷ ላይ አደረገችው። አለቀልን ብዬ ተንበረከክሁ።

አባቴ ሥዕሉን ያየው ከዚያ ወዲያ ነው። አልጮኸም፤ አባቴ ድምፁን ለማኅሌት ነበር የሚያስቀምጠው። እግዚአብሔር የከደነውን ማን ግለጪ አለሽ አላት፤ ማህፀን እንደ መቅደስ መንጦላዕት ያለው ነው፣ አቃጥዪው አላት። ጠቅልላ ከራስጌዋ አኖረችው። በዚያው ሳምንት ወደ ድብ ባሕር ሰው ላከ፤ ባሏ ሽማግሌ ይዞ ይምጣና ይውሰዳት ብሎ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ግቢያችን ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ከሰፈራችን አያ አድማሴ ነበሩ፤ አፈ ቅን ሽማግሌ፣ ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች በየመንደሩ ልጅ ያሳደጉላቸው። ከድብ ባሕር አያ አዘዘ ከዘመዶቹ ጋር መጥቷል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ትንሽ ሰው። እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ቆምሁ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ትዳር በልጅ ሞት አይፈርስም አሉ። ጠበል ትጠመቅ፣ ክታብ ትሰር፣ አዘዘም እስካሁን ሌላ አላመጣባትም፤ ሸጋ ሰው ነው። ነገር ግን ያንን ነገር ትተው አሉ።

ያ ነገር እርሳሱ ነው ብዬ ተረዳሁ። ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ በትር፣ ይህ ሁሉ ነጭ ጋቢ ከዳገቱ ማዶ የመጣው አራት እርሳስና መቅረጫ ሊወስድ ነው። ከወሰዱት ደግሞ የተያዘው ይፈታል። ዛሬ ሳስበው፣ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ እኔ ወደ ነገሩ ቀርቤ ነበር።

እቴ ሐረግ ከጓዳው በር ወጣች። ጥቅሉን ይዛለች። አባቷን በሚያካክሉ ሰዎች ፊት ሴት አቀርቅራ ነበር የምትቆም፤ እሷ ቀና ብላ ቆመች።

«አልሄድም» አለች።

አያ አድማሴ ቃሉ ያልተሰማ ያህል፣ ልጄ፣ የልብሽን ንገሪን አሏት በለሰለሰ ድምፅ። ጥቅሉን ፈትታ ሥዕሉን በሁለት እጇ ከደረቷ ላይ ዘረጋችው። ሰዎቹ መጀመሪያ የቅዱስ ሥዕል መስሏቸው ሊያማትቡ እጃቸውን አነሡ። ያዩትን ሲያውቁት አንዱ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ፤ ሌላው ምራቁን ተፋ።

«ሾተላይ አልበላብኝም» አለች። «ልጄ እንዲህ ተጋድሞ ነበር። ምጡ ሳይለቀኝ ሲውል ሲያድር ጠበል ረጫችሁብኝ፣ መጽሐፍ ገለጣችሁልኝ። አንድ ሰው እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ፣ ይኼ ልጅ ወዴት ነው የተኛ አላለም።»

አባቴ ተነሣ። ሥዕሉን ሊቀማት እንደ ሆነ ከአካሄዱ አወቅሁ። በዚያ ቅጽበት እናቴ ከእልፍኝ ወጣች። ነፍሰ ጡር በወንዶች ጉባኤ መካከል አትታይም፤ ከዚህች ሴት አጠገብ ደግሞ ከቶ። ሆዷን ቀድማ አስወጥታ ቀስ ብላ ግቢውን አቋረጠች። ከእቴ ሐረግ ጎን ቆመች፤ ትከሻዋን ከትከሻዋ አስጠግታ የሥዕሉን አንድ ጫፍ ያዘችላት።

«መሪጌታ፣ እኔም በእሷ እጅ ነው የምወልድ» አለች።

አባቴ ባለበት ቀረ። እኔ ሾተላዩ ሲዘል ለማየት ዓይኔን አልከደንሁም። ምንም አልዘለለም። አያ አዘዘ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ። ሥዕሉ ፊት ቁጢጥ አለ። ገበሬ የታመመ በሬ እግር እንደሚመረምር ብዙ አየው። ከዚያ ለብቻዋ እንደሚያወራት ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ራሱ በየት በኩል ነበር ብሎ ጠየቃት። እሷም በአገጯ ወደ ግራ አመለከተችው፣ ሁለት እጆቿ ወረቀቱን ይዘዋልና። «እዚህ ጋ ነበር። አንቱም በሩ ላይ ነበሩ» አለችው። ተነሥቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ዘመዶቹ በትሩን አንሥተው ተከተሉት።

ሾተላይን አይቶ የሸሸ መሰለኝ። ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ አያ አድማሴ የነገሩኝ ግን ሌላ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አዘዘ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ቆየ። ሽማግሌዎቹ፣ ዛሬ ካልሆነ ለሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ሲያጽናኑት፣ ወንድ ልጅ ነበር አላቸው፤ እሷን ተዉአት፣ ማንም እንዳይነካት።

አባቴ ግን አልተዋትም። ያ ሥዕል ካለበት ጣሪያ ሥር አላድርም አለ። ሥዕሉ ሲወጣ እኔም አብሬው ነኝ አለችውና በዚያው ቀን ወጣች። ከቀሐ ወንዝ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች። ነርስ ሸዋገነት ሥዕሉን ለሆስፒታሉ ሰዎች አሳይታ ሥራ አስገኘችላት፤ በእግሩ የሚመጣውን፣ በመቀመጫው የሚመጣውን፣ በደኅና የተኛውንም እንድትሥል። እናቷ ቤት ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ያህል አሁን ወረቀት ሞልታ ትሰጣለች። የደብራችን ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ። እሷ ግን ጤና ይስጥልኝ እያለች፣ መልስ ሳትጠብቅ ታልፋለች።

እናቴ ምጥ የጀመራት ጥምቀት አልፎ፣ ቀሐ የረገጠው ሕዝብ ተበትኖ ሣሩ ገና ሳይቀና ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል፣ ሰው ሁሉ እያያት በእግሯ ወረደች። አባቴ አትሂጂ ለማለት አፉን ከፈተ፤ ግን ጋቢዋን አንሥቶ ከኋላዋ ተከተለ። እኔ ደግሞ እሱን ተከተልሁ። በቀሐው ክፍል በር ላይ ጋቢውን ለእቴ ሐረግ አቀበላት፤ ዓይኗን አላየም። ውጭ ቆሞ የሚያውቀውን ሁሉ ጸለየ። እቴ ሐረግና ነርሷ የእናቴን ሆድ ዳስሰው በደኅና ነው የተኛ አሉ።

ስጠራ ገባሁ። በጨርቅ የተጠቀለለችውን አሳዩኝ። ጠጉር የላትም። ጭንቅላቷ ትልቅ። ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ሮጬ ለመውጣት ዞርሁና ቀረሁ። ይኼ እኮ እሱ ነው አልኋት እቴ ሐረግን። ማን አለችኝ። ሾተላዩ። ሴቶቹ ተያዩ። እናቴ ሳቅ ጀምራ አመማትና ተወችው። እቴ ሐረግ ግን አልሳቀችም። ሕፃኗን አንሥታ በእቅፌ አኖረችልኝ።

«እኅትሽ ናት» አለች። «የእኔም እንዲህ ነበሩ።»

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ይላት ነበር፤ ሥዕሉን ግን እስከ ሞቱ አልተቀበለም። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችውም። ሁለቱም ግትር ነበሩ፤ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናብ ያወራሉ።

እኅቴ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሐ ጎራ ብዬ እቴ ሐረግ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። በሩ ተንኳኳ። አያ አዘዘ ነው። አቧራ ለብሷል። ከኋላው አንዲት ልጅ እግር ሴት ቆማለች፤ ከድብ ባሕር እስከ ጎንደር በማኪና ተንገላታ ፊቷ ገርጥቷል። ሆዷ ገፍቷል። አዲሲቱ ሚስቱ ናት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ማን ቤት እንዳመጣት ታውቃለችና።

እሱ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል። ሠፈርተኛው ከየደጁ ብቅ ብሎ ያያል። እቴ ሐረግ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የልጅቷን ሆድ አየች። በዚያ ጊዜ በሩን በፊታቸው ብትዘጋው ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ እኔም እንድትዘጋው ነበር የፈለግሁ።

ሚስቱ ሳለች አንቱ ነበር የምትለው፤ ጉባኤው ፊት እንኳ አንቱ ብላዋለች።

«አንተ ደጅ ቆይ» አለችው። «እሷ ትግባ።»

ልጅቷን በእጇ ይዛ አስገባቻት፣ አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻት፣ ሆዷን ልትዳስስ የራሷን መዳፎች ለማሞቅ እያሸች በተረከዟ በሩን ዘጋችው።